በዕድር ዕቃ የተዘጋ መውጫ

የምንኖርበት ብሎክ ከምድር በላይ አራት ፎቅ አለው፤ ሊፍት የለውም። የእኛ ቤት አራተኛው ላይ ነው። ከበራችን እስከ መሬት ሰባ ሁለት ደረጃ አለ፣ በየፎቁ አሥራ ስምንት። ይህን የማውቀው መቁጠር ስለምወድ ብቻ አይደለም። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ስትሮክ ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ መሬት የሚረግጠው እኔ ተሸክሜ ሳወርደው ብቻ ነው። ሐኪም ቤት በምንሄድበት ቀን በጋቢ ከጀርባዬ ጋር አስረዋለሁ። ስወርድ አንድ ጊዜ፣ ስወጣ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ ቤት ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነን።

እኔ ኢምፔሪያል አካባቢ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ፍሪጅና ልብስ ማጠቢያ እጠግናለሁ። ከየካ አባዶ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምመለሰው፤ አባቴ በሥራ ቀን ብቻውን ይውላል። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። አሮጌ ማሽን እየፈታሁ፣ አብሮት የሚመጣውን መመሪያ መዝገበ ቃላት ይዤ እያነበብኩ ለመድኩት። ከዚያ አንድ ጠባይ ያዘኝ፤ መመሪያ ካገኘሁ እስከ መጨረሻው መስመር አነባለሁ፣ የተጻፈውንም እንዳለ እፈጽማለሁ። በብሎካችን ውስጥ ይህ እንደ ነውር እንደሚቆጠር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ያን ሰሞን መሬት ደጋግማ ትንቀጠቀጥ ነበር። ከስምጥ ሸለቆ በኩል ነው ይባላል። ምድር ቤት ያሉት ምንም አልተሰማንም ሲሉ እኛ ዘንድ አምፖሉ ይወዛወዛል፣ ብርጭቆዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ይንጫጫሉ። ወረዳው ለየብሎኩ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ይዘጋጅ ብሎ አንዲት ባለሙያ ላከ። እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሰበሰበችን። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ በየብሎኩ አንድ ዓይነት ነገር እየተናገረች ድምፅዋ የዘጋ ልጅ ናት። ያለችው ሁሉ ትክክል ነበር። የመታወቂያና የቤት ሰነድ ቅጂ፣ መድኃኒት፣ ውኃና የእጅ ባትሪ በአንድ ቦርሳ አድርጋችሁ በር አጠገብ አስቀምጡ። ሲንቀጠቀጥ ወደ ደረጃ አትሩጡ፣ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፤ ሲቆም ውጡና ከሕንፃው ርቃችሁ ሜዳው ላይ ተሰብሰቡ። መውጫዎቹን ከዕቃ አጽዱ። ራሱን ችሎ መውረድ የማይችል ሰው ካለ ስሙ ይጻፍ፣ የሚያወርዱት ሁለት ጎረቤቶችም ይመደቡለት።

እስከዚህ ድረስ ሰዉ ስልኩን እየነካካ ነበር። «ስሙ ይጻፍ» ስትል ሁሉም ቀና አለ።

«ስም የምትፈልጊው ለምንድን ነው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ለዕቅዱ ነዋ።»

«አከራይና ተከራይ ለመለየት ነው በይና አርፈሽ ንገሪን!»

«ኧረ እኔ ቤቱ የማን ነው አላልኩም። መራመድ የሚያቅተው ማን ነው ነው ያልኩት።»

«ዛሬ መራመድ ያቃተውን፣ ነገ መክፈል ያቃተውን» አለች አንዲት ሴት፤ ግቢው በሳቅ ተሞላ።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። እንግዲያው ጽሕፈቱ የሚነበብ ሰው ስጡኝና ቤት ለቤት ዞሮ ይሙላ አለች። የዕድራችን ሊቀመንበር፣ የብሎኩንም ኮሚቴ የሚመሩት ጡረተኛ፣ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ያ ዝምተኛው ይጻፍ። ሌላው ቢቀር አይለፈልፍም» አሉ።

ሠላሳ በር አንኳኳሁ። ከሠላሳው አሥራ አንዱ ድምፄን ሰምተው ዝም አሉ፤ ቴሌቪዥኑን ሲቀንሱት ይሰማኛል። ሌሎቹ በሩን የሰንሰለቱን ያህል ከፍተው አነጋገሩኝ። አንዱ ፎርሙ ላይ ማኅተም የታለ አለኝ። ሌላው የማን ጆሮ ነህ አለኝ። አንደኛው ፎቅ ላይ አንዲት እመቤት «እናቴ ደህና አድርጋ ትራመዳለች፤ ደግሞ ማን ነግሮህ ነው?» ሲሉኝ እናትየው ከበስተኋላቸው የወንበር መደገፊያ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ወንበሩን እየገፉ አንድ እርምጃ ለመራመድ ይታገሉ ነበር። አየሁ፤ ማየቴንም አዩ። በሩ ተዘጋ። እኔም «የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ የተነገረኝ ይህ ነውና።

ስለዚህ መውረድ የማይችሉ በሚለው ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው አንድ ስም ብቻ ነው፣ የአባቴ። ባለሙያዋ በሳምንቱ ስትመጣ የሚያወርዱት ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው ብላ ጠየቀች። ሊቀመንበሩ ደረታቸውን ነፍተው «አንደኛው እኔ ነኝ» አሉ፤ ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሁለተኛው ከእኛ ሥር፣ ሦስተኛው ላይ የሚኖረው ቅመም ነጋዴ ሆነ። ሾላ ገበያ መደብ አለው፤ የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የሚይዘውም እሱ ነው። ሁለቱም እሷ ፊት ፈረሙ። ደስ አለኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር ቢመጣ ወደ ላይ የሚወጣለት ሰው አለ ማለት ነው።

ለአባቴ ስነግረው ግማሽ ፊቱ ሳቀ። «ሊቀመንበሩ ናቸው የሚሸከሙኝ? የራሳቸውን ሆድ ማን ይያዝላቸው?» አለ።

ፎርሙ ላይ የቀረው የመውጫዎች ክፍል ነበር። ብሎኩ ሁለት መውጫ አለው። የፊተኛው በር ወደ ግቢው ይከፈታል፤ በግራና በቀኙ ውኃ የምናጠራቅምባቸው በርሜሎች፣ አንድ ሞተር ሳይክልና ሁለት ጆንያ ከሰል ተደርድረው የማለፊያው ስፋት ሃምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር ቀርቷል። በሜትር ለካሁት። አባቴን አዝዬ በዚያ የማልፈው በጎኔ ነው። የኋላው በር ከደረጃው ሥር ነው፤ በቀጥታ ወደ ሜዳው፣ ባለሙያዋ ተሰብሰቡ ወዳለችበት ቦታ ያወጣል። ስፋቱ አንድ ሜትር ከሃያ። ግን ወደዚህ በር ማንም አይደርስም። ከፊቱ ያለው ቦታ በብረት ፍርግርግ ታጥሮ፣ ጓጉንቸር ተደርጎበት የዕድሩ ዕቃ ቤት ሆኗል፤ ሁለት ድንኳን ከነቋሚው፣ አርባ አግዳሚ፣ በርሜል የሚያክሉ ስድስት ድስቶች።

አይፈረድም፣ ዕድራችን ሥራውን ያውቃል። ሰው በሞተ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ተተክሎ፣ አግዳሚው ተደርድሮ፣ ሬሳ የሚያወርዱት ስድስት ጎረምሶች ደረጃው ሥር ቆመው ይገኛሉ። እናቴን ከአራተኛ ፎቅ ያወረዷት እነሱ ናቸው፤ አንድም ቦታ ግድግዳ አላስነኳትም። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሰው ከሞተ በኋላ ነው።

ፎርሙ ላይ «የኋላ መውጫ፦ ተዘግቷል፣ በዕድር ዕቃ» ብዬ ጻፍኩና ለሊቀመንበሩ እንዲፈርሙ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ከዚያ አወለቁት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መውጫው ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። ብሎካችን ሞዴል ተብሎ ሊመረጥ ነው። አንተ ደግሞ ተዘግቷል ትላለህ። ክፍት በል።»

«ክፍት አይደለም እኮ ጋሼ።»

«ሲያስፈልግ ይከፈታላ! ቁልፍ አለው፣ ቁልፉ ሰው እጅ ነው። ቁልፍ ያለው በር ዝግ ይባላል?»

«የቁልፉ ባለቤት ቀን ሾላ ነው የሚውለው» አልኩ።

ቅመም ነጋዴው አጠገባችን ነበር። «ልጄ፣ ዕቃውን ራስህ ላይ ላስቀምጠው?» አለኝ። «ያባትህ ቀን ሲደርስ በዝናብ የበሰበሰ ድንኳን ብንተክልልህ ደስ ይልሃል?»

«አባቴ አልሞተም።»

«አይቀርማ! ማን ቀርቶ ያውቃል?»

ሊቀመንበሩ ሳቁና ፎርሙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አዲስ ፎርም አምጥተው ራሳቸው ሞሉት። እንዴት እንደሞሉት ያወቅሁት በሁለተኛው ሳምንት ፊተኛው በር ላይ «ለአደጋ የተዘጋጀ ሞዴል ብሎክ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ሳይ ነው።

የሥራ ቀን አጉድዬ ወረዳ ሄድኩ። ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን አዙራ አሳየችኝ። ሁለቱም መውጫ «ክፍት»። ከታች «የሞላው» በሚለው ቦታ ላይ የእኔ ስም ነበር።

«ይኼን እኔ አልሞላሁትም» አልኳት።

«ስምህ አይደለም እንዴ?»

«ስሜ ነው። ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም።»

«እንግዲህ ጸድቋል። የጸደቀ ዕቅድ ለመቀየር ኮሚቴው ደብዳቤ ይጻፍ።»

«ኮሚቴው ነው እኮ የዋሸው። ነይና በሩን እይው።»

በሩ ላይ ያለውን ወረፋ አየች። «ወንድሜ፣ አርባ ሁለት ብሎክ አለብኝ። እናንተ ጋ ቢያንስ ፎርሙ ሞልቷል» አለችኝ። አልተቆጣችም። ተቆጥታ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ስሆን ስልኬን ከእጄ አላወርድም ነበር። መሬት የተንቀጠቀጠ በመሰለኝ ቁጥር እደውላለሁ። አባቴ አንዳንዴ «ሞቻለሁ፣ ቆይተህ ደውል» ብሎ ይዘጋዋል።

ትልቁ መንቀጥቀጥ የመጣው እሑድ ጠዋት ነው፣ አራት ሰዓት ገደማ። አባቴን ጢሙን እየላጨሁት ነበር። መጀመሪያ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ተርገበገበ፤ ቀጥሎ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ተነሥቶ ተመለሰ። ምላጩን ወደ መታጠቢያ ቤት ወረወርኩ። ባለሙያዋ እንዳለችው ጠረጴዛ ሥር ላስገባው አልቻልኩም፤ ከብዶኝ ሳይሆን ጠረጴዛው ያንሳል። ትራስ ራሱ ላይ አድርጌ በላዩ ተደፋሁበት። ከታች ደረጃው ላይ የሚሮጠው እግር፣ የሚጮኸው ሰው፣ የሚወድቀው ጀሪካን ይሰማል። ከሥራችን የቅመም ነጋዴው በር ተበረገደ፤ ልጆቹን ስማቸውን እየጠራ ወረደ። አንድም ኮቴ ወደ ላይ አልመጣም። ጆሮዬን ጥዬ ስጠብቅ ነበር፤ እርግጠኛ ነኝ።

ቆመ። ከጣሪያው የተራገፈ ኖራ የአባቴ ሳሙና ላይ ተበትኗል። በመስኮት ወደ ታች አየሁ። የፊተኛው በር ላይ ሰው ተፋፍጎ በርሜሎቹ ተገልብጠዋል፤ አንዲት ሴት እጇን አቅፋ ትጮኻለች። የወጡት ሁሉ ሜዳው ላይ አልተሰበሰቡም፤ ሕንፃው ሥር፣ ልክ ከበረንዳዎቹ በታች ቆመዋል። ሊቀመንበሩ በፒጃማ ናቸው፣ ጫማቸውን ግን አድርገዋል። ቅመም ነጋዴው ትንሿን ልጁን አቅፏል። አንዱ ወደ እኛ መስኮት ሲያመለክት ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። ሊቀመንበሩም አዩኝ። ከቦታቸው አልተነቃነቁም።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለ አባቴ ከአልጋው።

«ያዩናል።»

«እጅህን አውለብልብላቸው። ሞተዋል ብለው ድንኳኑን እንዳያወጡት።»

አላውለበለብኩም። ዛሬ ሰኞ ቢሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ቢሆን እኔ ኢምፔሪያል ነኝ፤ አባቴ አንድ እጁን ትራሱ ላይ አድርጎ ያንን ሁሉ ኮቴ ሲወርድ ብቻውን ይሰማው ነበር። «መጣሁ» አልኩት። የመሣሪያ ሣጥኔን ከፍቼ የብረት መጋዝ ይዤ ወረድኩ።

ጓጉንቸሩን መቁረጥ ስድስት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ድምፁን ሰምተው የመጡት ስቆርጥ ፊት ለፊቴ ቆሙ። ማንም አልያዘኝም፤ መጋዝ ይዣለሁ፣ ፊቴም አያምርም ነበር መሰለኝ። ፍርግርጉን ከፍቼ አግዳሚዎቹን ሁለት ሁለቱን እየጎተትኩ በፊተኛው በር ወደ ግቢው መወርወር ጀመርኩ።

«ሌባ! የሙት ዕቃ ይደፈራል?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«የሙት ከሆነ ሙት መጥቶ ይውሰደው» አልኩ። በዕድሜ ለሚበልጠኝ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

ቅመም ነጋዴው ልጁን ለሚስቱ ሰጥቶ መጣና ኮሌታዬን ያዘ። «እጅህን አንሣ። ቁልፉን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ የምጠየቀውም እኔ ነኝ።»

«አባቴን ለማውረድ የፈረምከውስ? በሱ ማን ይጠይቅህ?»

«ልጆች አሉኝ!» አለ በጩኸት። «ሦስት ልጆች! የቱን ጥዬ?»

እውነቱን ነው። ግን እውነቱን በፈረመ ቀን መናገር ነበረበት። እጁን ከኮሌታዬ አላቀቅሁና ድስቶቹን ማውጣት ቀጠልኩ። አንዱ ድስት ደረጃው ጠርዝ ላይ ተመትቶ ሰረጎደ። የበሩ መወርወሪያ ዝጎ ስለነበር በመዶሻ መታሁት። ሲከፈት የሜዳው ብርሃን እስከ መጀመሪያው ደረጃ ድረስ ገባ። በዚያ ሕንፃ ስኖር ደረጃው ሥር ብርሃን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አባቴን አንዴም ሳላርፍ አወረድኩት፤ ግማሽ ጢሙ አልተላጨም፣ ሳሙናው ደርቋል። ከበራችን እስከ ሜዳው ሦስት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ። ሣሩ ላይ ፕላስቲክ ወንበር አድርጌ አስቀመጥኩት። ወደ እኛ የመጣ የለም።

በሚቀጥለው እሑድ ዕድሩ ተጠራ። ግቢው ውስጥ፣ ያንኑ እኔ ያወጣሁትን አግዳሚ ደርድረው ተቀመጡ። አባል አባቴ ስለሆነ አዝዬ አወረድኩት። ሊቀመንበሩ ክሱን አነበቡ፤ ዕቃ ቤት ሰብሮ መግባት፣ የዕድር ንብረት መጣል፣ ድስት ማሰርጎድ፣ ሽማግሌ መስደብ። ሁሉም ትክክል ነበር፤ አንድም የተጨመረ የለም። ቀጥለው ሁለት ምርጫ አቀረቡ። ወይ ልጁ ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ዕቃውን በገዛ እጁ ወደ ቦታው ይመልስ፣ አዲስ ቁልፍ ይደረግበት፤ ወይ አባትየው ከዕድሩ ይሰረዙ።

ከዕድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አራተኛ ፎቅ ላይ የሞተን ሰው እኔ ብቻዬን አላወርድም። እናቴ ያለችበት መቃብር ድረስ የሚሸኝ ሰው አይኖርም። ድንኳን የለም፣ ሦስት ቀን አብሮን የሚቀመጥ የለም። የአባቴን ዕድሜና ጤና አሰብኩ። አየሁት፤ ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ ነበር። ተነሣሁ። ልንበረከክ ነበር፤ ይህን ዛሬ ስጽፈው አፍራለሁ፣ ግን ልንበረከክ ነበር። አንዱ ከኋላ «አዎ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» አለ።

«ተቀመጥ» አለ አባቴ።

ስትሮኩ ንግግሩን ስላጎተተው ሰዉ እስኪጨርስ ለመጠበቅ ተገደደ።

«ሊቀመንበር። ዕቃው ወደ በሩ አይመለስ፤ እኔን ሰርዙኝ።»

«አስበውበት ነው?»

«ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ተኝቼ ማሰብ ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው አፈሩና ተዉት። ሊቀመንበሩን ግን ቀለላቸው። ጠቡ ያለ ክርክር አለቀላቸው። «እንግዲያው ቀብርዎን ራስዎ ያውቁበታል» ብለው እጅ አስወጡ። እጆቹን ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ደግፈው አወጡ፣ የቅመም ነጋዴውም አለበት። የተቃወመ የለም። ያቺ እናታቸው ወንበር የሚገፉት እመቤት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንደቀበሩ መሬት አዩ፤ ከዚያ በላይ አላደረጉም፤ እኔም አላመሰገንኳቸውም። ዕቃው ግቢው ውስጥ ወዳለው የጋራ ማብሰያ ቤት ሄደ። እዚያ ከመጀመሪያውም ባዶ ክፍል እንደነበረ ሁሉም ያውቁ ነበር።

የሚያግዘኝ አልተነሣም። ጋቢውን በአባቴ ብብት ሥር አሳልፌ ደረቴ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩና በኋላው በር ገባሁ። አንደኛው ፎቅ ላይ ሳንቆም አለፍን። ሁለተኛው ላይ፣ የሊቀመንበሩ በር ፊት ለፊት፣ ለማረፍ ግድግዳውን ተደገፍኩ። የአባቴ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሞቃል። ከታች አግዳሚ ሲነሣ፣ ሰው ሲሰነባበት ይሰማል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የሚቀጥለውን ደረጃ ጫፉን ስቼ ግራ እግሬ ሸርተት አለ። የደረጃውን ብረት ያዝኩ።

«ቀስ በል» አለ አባቴ ጆሮዬ ሥር። «አሁን ብትጥለኝ ቀባሪ የለኝም።»